ቋጠሮውን ለብቻ፣ ክሩን ለብቻ ቁጠሩ፦ ክሮሞሶምና ዲኤንኤ በሕዋስ ዑደት ውስጥ

ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። «የሰው ሕዋስ አናፌዝ ላይ ሲደርስ ስንት ክሮሞሶም ይኖረዋል?» አናፌዝ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል የሚያልፍበት አንድ ደረጃ ነው። ሳላመነታ 46 ብዬ ጻፍኩ። ሰው 46 ነው ተብለን የለ! ወረቀቱ ሲመለስ ትልቅ ኤክስ ተሰምሮበታል። መልሱ 92 ነው ተባለ። «እሺ፣ ዲኤንኤው መቼ ነው እጥፍ የሆነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ከዚያ በፊት፣ በኤስ ጊዜ፤ ዲኤንኤው በሚቀዳበት ደረጃ።» «ያኔስ ክሮሞሶሙ ስንት ነበር?» «46።» ይኼኔ ጭንቅላቴ ዞረ። ዲኤንኤው እጥፍ ሲሆን ክሮሞሶሙ አይጨምርም፤ ክሮሞሶሙ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ዲኤንኤው አይጨምርም። ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ጥፋቱ የሂሳቡ አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ መዝገብ እየመዘገብኩ ነበር። የዚህ መመሪያ ሥራም እሱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን መዝገቦች መለየት። ለዚህ የሚያስፈልገው ክርና መቀስ ነው። ያለ ክር ብቻ አንብባችሁ እለፉት ብትሉ ነገ ትረሱታላችሁ። እኔ አራት ጊዜ አንብቤ አራት ጊዜ ረስቼዋለሁ።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ

ቀይና ነጭ የጥጥ ክር ያዙ። ከቀዩ ሁለት ረጃጅም (20 ሴንቲሜትር ያህል) እና ሁለት አጫጭር (10 ሴንቲሜትር ያህል) ቁረጡ። ከነጩም እንደዚሁ። በጠቅላላው ስምንት ክር ይሆናል። እያንዳንዱን ክር መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ቋጥሩት። ከጥቁር ክር ደግሞ ጣት የሚያህሉ አራት ቁራጮች አዘጋጁ። በትልቅ ወረቀት ላይ አንድ ክብ ሣሉ፤ ሕዋሱ እሱ ነው።

ቀዩ ከእናት የመጣ ነው፤ ነጩ ከአባት። አንድ ክር አንድ ሙሉ የዲኤንኤ ሞለኪውል ነው። ቋጠሮው ሴንትሮሜር የሚባለው ቦታ ነው፤ በክፍፍሉ ጊዜ ክሮሞሶሙ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ሕጉ ሁለት መስመር ነው። ክሮሞሶም ስትቆጥሩ ቋጠሮ ቁጠሩ። ዲኤንኤ ስትቆጥሩ ክር ቁጠሩ። አንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ቋጠሮዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። ዲኤንኤ ራሱ ከሁለት ዘር (ቀጭን ሰንሰለት ማለት ነው) የተገመደ ነው። ብዙ ሰው «ሁለት ዘር» የሚለውንና «ሁለት ክሮማቲድ» የሚለውን (ክሮማቲድን ደረጃ 2 ላይ እናገኘዋለን) ያምታታል። እጃችሁ ላይ ያለውን ክር ጠጋ ብላችሁ እዩት። እሱም ከቀጫጭን ክሮች ተገምዶ ነው የተሠራው። ቢሆንም አንድ ክር ነው የምትሉት። ዲኤንኤም እንደዚያው ነው፤ ግምዱ አንድ ሞለኪውል ተብሎ ይቆጠራል።

ደረጃ 1፦ ጂ1 ላይ ጀምሩ

ጂ1 የዑደቱ መጀመሪያ ነው፤ ዲኤንኤው ገና አልተቀዳም። ከስምንቱ ክር አራቱን ብቻ ክቡ ውስጥ አስገቡ። አንድ ረጅም ቀይ፣ አንድ ረጅም ነጭ፣ አንድ አጭር ቀይ፣ አንድ አጭር ነጭ። ቁጠሩ። 4 ቋጠሮ፣ 4 ክር። በሰው ቢሆን 46 ቋጠሮና 46 ክር ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን፣ ክሮሞሶምን እንደ ኤክስ (X) የሚያሳየውን ሥዕል ለጊዜው ከአእምሯችሁ አውጡት። ጂ1 ላይ ኤክስ የሚመስል ክሮሞሶም የለም። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ነጠላ ክር ነው። ያ ሥዕል የተነሣው በክፍፍሉ መሃል፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ሰው ክሮሞሶምን በኤክስ ብቻ ስለሚያውቀው ሁልጊዜ እንደዚያ የሚኖር ይመስለዋል። የሠርግ ፎቶ ብቻ አይቶ «ይህች ሴት ሁሌም ቬሎ ነው የምትለብሰው» እንደማለት ነው።

ክሮቹን ደግሞ እንዳታጠቀልሏቸው። ዘርጋ ዘርጋ አድርጓቸው። በዚህ ጊዜ ዲኤንኤ ሥራ ላይ ነው፤ ጂኖቹ ይነበባሉ፣ ፕሮቲን ይሠራል። የተጠቀለለ መጽሐፍ አይነበብም። እርግጥ ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይደለም። ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ዞሮ ዞሮ ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ 147 ጥንድ ፊደል ያህል (ፊደል የምለው ቤዝ የሚባለውን፣ የዲኤንኤው መልእክት የተጻፈበትን ነው)። ባይጠቀለልማ የት ይገባል? የአንድ የሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚቀመጥበት ኒውክለስ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ነው።

ስለ ጊዜው፦ በቤተ ሙከራ የሚያድግና በ24 ሰዓት አንዴ የሚከፈል የሰው ሕዋስ ብንወስድ፣ ጂ1 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኤስ 8፣ ጂ2 (ከቅጂው በኋላ፣ ከክፍፍሉ በፊት ያለው) 4፣ ክፍፍሉ ራሱ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። በሰውነታችን ውስጥ ግን ከሕዋስ ሕዋስ በጣም ይለያያል። የነርቭ ሕዋሶች አብዛኞቹ ከዑደቱ ወጥተው እዚያው በነጠላ ክር ይኖራሉ። ይህ ማረፊያ ጂ0 ይባላል።

ደረጃ 2፦ ኤስ ላይ ክሩን እጥፍ አድርጉ፣ ቋጠሮውን አትንኩ

ዋናው ቦታ ይሄ ስለሆነ ቀስ በሉ።

ከቀሩት አራት ክሮች ተመሳሳዩን እያነሣችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ረጅም ቀይ ከረጅም ቀይ ጋር፣ አጭር ነጭ ከአጭር ነጭ ጋር። ከዚያ ሁለቱን ቋጠሮዎች ገጥማችሁ በጥቁሩ ቁራጭ እሠሯቸው። ቀይና ነጭ አብራችሁ እንዳታስሩ! የሚታሠረው ኦርጅናሉ ከቅጂው ጋር ነው እንጂ የእናት ከአባት ጋር አይደለም።

አሁን ቁጠሩ። ክር 8። ቋጠሮ ግን አሁንም 4፤ አንድ ላይ የታሠሩት እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። በሰው፦ 46 ክሮሞሶም፣ 92 የዲኤንኤ ሞለኪውል። አንድ ላይ የታሠሩት ሁለት ክሮች እህትማማች ክሮማቲዶች ይባላሉ። ክሮማቲድ የሚለው ቃል የሚመጣው ጥንድ ሲኖር ነው። ጂ1 ላይ «ስንት ክሮማቲድ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ጥያቄው ራሱ ትንሽ ያነክሳል።

ያቺ ጥቁር ቁራጭ ለማሳያ ብቻ የገባች አይደለችም። ኮሄሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። እንደ ቀለበት ሆኖ ሁለቱን እህትማማቾች ያቅፋል። ዲኤንኤው እየተቀዳ እያለ ነው የሚያስራቸው። ባያስራቸው በኋላ ማን ከማን እንደሆነ ማወቂያ አይኖርም።

ቅጂው እንዴት ይሠራል? ሄሊኬዝ የሚባል ኢንዛይም ግምዱን ይፈታዋል። ለእያንዳንዱ አሮጌ ዘር አዲስ ጓደኛ ይገነባለታል። ስለዚህ ከሁለቱ ክሮች አንዱ «አሮጌ» ሌላው «አዲስ» አይደለም። ሁለቱም ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ናቸው። ይህን ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል በ1958 ከባድ ናይትሮጂን በተመገቡ ባክቴሪያዎች አሳይተዋል። የእኛ የክር ጨዋታ እዚህ ላይ ትንሽ ይዋሻል። ሙሉ አዲስ ክር ከጎን አስቀመጥን፤ ሕዋሱ ግን እንደዚያ አያደርግም።

አንድ ሂሳብ ልጨምር፤ እኔን በጣም ስላስገረመኝ ነው። የሰው አንደኛው ክሮሞሶም 248 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ያህል አለው። የመቅጃው ማሽን በሰከንድ 50 ፊደል ይቀዳል እንበል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቢሄድ 57 ቀን ይፈጅበታል። ሕዋሱ ግን በ8 ሰዓት ነው የሚጨርሰው። ዘዴው ምንድን ነው? አንድ ቦታ አይጀምርም። በመላው ዲኤንኤ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መነሻዎች አሉ፤ ከየመነሻው በሁለት አቅጣጫ ይቀዳል። የመንደር ሰው ለደቦ ወጥቶ እርሻውን ከየቦታው እንደሚያያዘው ነው።

ታዲያ ያንን ሁሉ መነሻ ሁለት ጊዜ እንዳይቀዳው ምን ይጠብቀዋል? የእያንዳንዱ መነሻ ፈቃድ የሚሰጠው ካለፈው ክፍፍል መጨረሻ እስከ ጂ1 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ኤስ ሲጀመር ፈቃድ መስጫው ይዘጋል። አንዴ የተቀዳ መነሻ እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ ሌላ ፈቃድ አያገኝም።

ደረጃ 3፦ ጂ2 ላይ ምንም አታድርጉ

በእውነት። ክሮቹን ተዉአቸው። 4 ቋጠሮ፣ 8 ክር። ሕዋሱ የተቀዳውን እያጣራ ነው። የተበላሸ ቦታ ካለ ጥገናው እስኪያልቅ መግቢያውን ዘግቶ ይቆያል። በክብደት ብናየው፣ ጂ1 ላይ የነበረው 6.5 ፒኮግራም ያህል ዲኤንኤ አሁን 13 ገደማ ሆኗል። ፒኮግራም ማለት የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። መጽሐፍ ላይ «2ሲ» እና «4ሲ» የሚል ስታገኙ ይህንን ነው የሚለው፤ የዲኤንኤውን መጠን። «2ኤን» ሲል ግን የቋጠሮውን ነገር ነው የሚያወራው። ጂ2 ላይ ያለ ሕዋስ 2ኤን ነው፣ ግን 4ሲ ነው። ይህን አረፍተ ነገር ሳትደነግጡ ካነበባችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ደረጃ 4፦ ጠቅልሉ፣ አሰልፉ

አሁን ክሮቹን በጣታችሁ እየጠቀለላችሁ አሳጥሯቸው። ልቃቂት አስመስሏቸው። ይህ ፕሮፌዝ ነው። አንደኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ተጠቅልሎ ሲያልቅ ከሚሊሜትር መቶኛ ገደማ ይሆናል። ለምን ይጠቀለላል? ያልተጠቀለለ ክር መጎተት ሞክሩ። እርስ በርሱ ተተብትቦ ይበጠሳል። ለመጓጓዝ ነው እንግዲህ። ያ ታዋቂው ኤክስም የሚታየው አሁን ነው። ቁጥሩ ግን አልተነካም፤ 4 እና 8።

ቀጥሎ የኒውክለሱ ግድግዳ ይፈርሳል። ከሕዋሱ ሁለት ጫፎች ቀጫጭን ቱቦዎች ይወረወራሉ። የዚህ መሣሪያ ስም እንዝርት ነው። አያቴ ጥጥ ስትፈትል የምታሾረውን እንዝርት ያየ ሰው፣ መሃሉ ወፈር ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ቅርጽ ወዲያው ይለየዋል። የሚገርመው ማይቶሲስ የሚለው የዚህ ክፍፍል ስምም ከግሪክ «ክር» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ነው፤ በሳላማንደር ሕዋሶች ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ያያቸውን ክሮች በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿቸዋል። ዲኤንኤ ምን እንደሚሠራ ገና ማንም አያውቅም ነበር።

አራቱን ጥንዶች በክቡ መሃል በአንድ መስመር ደርድሯቸው። ሜታፌዝ ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ክር ወደ ግራ፣ እህቱ ወደ ቀኝ መዞር አለበት። ሕዋሱ እዚህ ላይ በጣም ጥንቁቅ ነው። አንድ ክሮሞሶም እንኳ በእንዝርቱ ካልተያዘ መላው ክፍፍል ቆሞ ይጠብቃል። ታክሲው እስኪሞላ እንደማይነሣው በሉት። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህን ጥንቃቄ ተጠቅመው ነው። ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል የእንዝርቱን ቱቦዎች ሥራ ያውካሉ፤ የሚከፈለው ሕዋስ እዚያው ተገትሮ ብዙውን ጊዜ ይሞታል።

የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑ የታወቀውም በዚሁ ደረጃ ላይ ያሉ ሕዋሶችን በማየት ነው። ጆ ሂን ጂዮና አልበርት ሌቫን በ1956 እስኪያሳትሙ ድረስ ሳይንቲስቶች ለሦስት አሥርት ዓመታት 48 ነው ሲሉ ኖረዋል። የተደራረበ ክር መቁጠር ከባድ ነው። የእኔን 46 አሁን ትንሽ ይቅር በሉት።

ደረጃ 5፦ ጥቁሩን ክር ቁረጡ

መቀሱን አንሡ። አራቱንም ጥቁር ቁራጮች በአንድ ጊዜ በሚባል ፍጥነት ቁረጧቸው። ይህ አናፌዝ ነው። መቀሱ ሴፓሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ኮሄሲኑን ይቆርጠዋል። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ አፉ ታስሮ ነበር። የመጨረሻው ክሮሞሶም በትክክል መያዙ ሲረጋገጥ ይፈታል።

ቁጠሩ። ክር፦ 8፣ አልጨመረም። ቋጠሮ፦ አሁን እያንዳንዱ ለብቻው ስለሆነ 8። በሰው ሕዋስ 92 ክሮሞሶም፣ 92 ሞለኪውል። ያ ፈተና ላይ የጣለኝ 92 ይኸው ነው። አንድም አዲስ ዲኤንኤ አልተሠራም። የታሠረ ነገር ተፈታ እንጂ።

ክሮቹን ከቋጠሯቸው ይዛችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ጎትቷቸው። ቋጠሮው ቀድሞ ሄዶ ጫፎቹ ወደ ኋላ ይጎተታሉ። ሕዋሱ ውስጥም በትክክል እንዲህ ነው የሚታየው።

ደረጃ 6፦ ክቡን ለሁለት ክፈሉ

በመሃል መስመር አስምሩ። በየግማሹ አንድ ረጅም ቀይ፣ አንድ ረጅም ነጭ፣ አንድ አጭር ቀይ፣ አንድ አጭር ነጭ ካለ ተሳክቶላችኋል። ኒውክለሱ እንደገና ይገነባል፣ ልቃቂቱ ይፈታል፣ ወደ ጂ1 ተመልሰናል። የሰውን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ስታዩት እንዲህ ነው፦

ጂ1፦ 46 ቋጠሮ፣ 46 ክር
ኤስ ሲያልቅ፣ ጂ2፣ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፦ 46 ቋጠሮ፣ 92 ክር
አናፌዝ (ሕዋሱ ገና አንድ ሳለ)፦ 92 ቋጠሮ፣ 92 ክር
እያንዳንዱ አዲስ ሕዋስ፦ 46 ቋጠሮ፣ 46 ክር

ይህንን አትሸምድዱት። የሌላ ፍጥረት ቁጥር ስጡትና ራሳችሁ አውጡት። ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው። ጂ2 ላይ ስንት ክር? የአረቢካ ቡና 44 ነው። አናፌዝ ላይ ስንት ቋጠሮ? መልሶቹ 80 እና 88 ናቸው።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ

ቀይ ሽንኩርት ጥሩ ነው። 16 ክሮሞሶም ብቻ ያለው፣ እነሱም ትልልቅ ናቸው። ሽንኩርቱን በውኃ የተሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ሥሩ ብቻ ውኃውን ይንካ። በጥቂት ቀናት ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ ያለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሥራ ነው። አሲድ ስላለበት ያለ መምህር አትሞክሩት። የሥሩ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጣል፣ ሕዋሶቹ በነበሩበት እንዲቆሙ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ይነከራል፣ በሞቀ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለሰልሳል። ከዚያ አሴቶካርሚን በሚባለው ቀለም ተነክሮ በመስታወት መሃል ይጨፈለቃል። መቁረጥ ያለበት ጫፉ ነው። ከፍ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ሕዋሶቹ መከፈል ያቆሙ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ ብታዩ ምንም አታገኙም።

በማይክሮስኮፕ ስታዩ መጀመሪያ ቅር ሊላችሁ ይችላል። አብዛኞቹ ሕዋሶች ድፍን ክብ ኒውክለስ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ምንም አልተበላሸም። አብዛኛው ዕድሜያቸው በጂ1፣ በኤስና በጂ2 ስለሚያልፍ ነው። ክርም ቋጠሮም መለየት አይቻልም፤ ኤስ ላይ ያለውንና ጂ1 ላይ ያለውን በዓይን አትለዩም። ትዕግሥት ያለው ሰው ግን መሃል ላይ የተሰለፉ ወይም ለሁለት የሚሳቡ ክሮች ያገኛል።

ክሮቹን ገና አትጣሏቸው፣ በቅሎ አለች

ከአራቱ የመነሻ ክሮች አንዱን አጭር ነጭ አውጡት። ሦስት ቀሩ። አሁን ከደረጃ 1 እስከ 6 እንደገና ሂዱ። 3 ቋጠሮ 3 ክር፣ 3 እና 6፣ 6 እና 6፣ በየግማሹ 3 እና 3። ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ማይቶሲስ ቁጥሩ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ግድ የለውም፤ እያንዳንዱን ቀድቶ ይከፍላል።

በቅሎ እንደዚህ ናት። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። ከፈረሷ እናት 32፣ ከአህያው አባት 31፤ ድምሩ 63። የቆዳዋ ሕዋስ አናፌዝ ላይ 126 ቋጠሮና 126 ክር ይዞ በሰላም ለ63 እና 63 ይከፈላል። ለዚህ ነው ጠንካራ ሆና አድጋ ተራራ የምትወጣው።

እንቁላል ለመሥራት ግን ሌላ ዓይነት ክፍፍል ያስፈልጋል፤ ሜዮሲስ። እዚያ እህትማማቾች ከመለያየታቸው በፊት የእናት ክሮሞሶም ከአባት አቻው ጋር መጣመር አለበት። በጠረጴዛው ላይ ሞክሩት። ረጅሙን ቀይ ከረጅሙ ነጭ ጋር አጣምሩ። አጭሩ ቀይስ? የለውም። በእውነተኛዋ በቅሎ ደግሞ ከቁጥሩም በላይ፣ የፈረስና የአህያ ክሮሞሶሞች አደራደራቸው ስለሚለያይ ብዙዎቹ በትክክል አይገጥሙም። ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፤ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር በቅሎ አትወልድም።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ጠረጴዛችሁ ላይ አጣማሪ ያጣችው አጭር ቀይ ክርም የእናቷ ናት።